ከሥራ ሰዓት በኋላ የተያዙ ቀጠሮዎች

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ዛሬ ጠዋት ዶክተሩ ከቢሯቸው ብቅ አሉና አንድ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ዩኒቨርሲቲው ጾታዊ ትንኮሳን የሚከላከልና የተጎዱትን የሚደግፍ አዲስ ክፍል ከፍቷል፤ ከየትምህርት ክፍሉ አንድ ተጠሪ ይላክ ይላል። ከግርጌው ላይ ዶክተሩ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፋቸው የእኔን ስም ሞልተውበታል።

«እናታችን፣ ከአንቺ የተሻለ ሰው የለንም» አሉኝ። «ልጆቹ ይወዱሻል። ደግሞ አፍሽ ቁጥብ ነው።»

ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ። በአፈር ጥናት ትምህርት ክፍል ጸሐፊ ሆኜ በሠራሁባቸው አሥራ ሰባት ዓመታት ለሥልጠና የተላክሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንደኛው ስለ ፎቶኮፒ ማሽን አያያዝ ነበር።

ቤት ስገባ ባለቤቴ የሰው ቴሌቪዥን በታትኖ መሬት ላይ ብሎን ይፈልጋል። «ታዲያ ምን ልትሠሪ ነው?» አለኝ። «ማዳመጥ ነው አሉ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። «እንዲህ ዓይነት ሥልጠና ካለ ምነው ሃያ ስድስት ዓመት ዘገየብኝ!»

ደብተሩን ሥልጠናው ላይ እንድጽፍበት ነው የገዛሁት። ግማሹ ግን ለራሴ ይሁን።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ሥልጠናው ቤተ መጻሕፍቱ ሥር፣ ድሮ የወረቀት መጋዘን በነበረው ክፍል ውስጥ ነው። ቀለም ተቀብቶ ሁለት ሶፋ፣ አንድ ክብ ጠረጴዛና መጋረጃ ገብቶለታል። በሩ ሁለት ነው፤ አንዱ በመተላለፊያው በኩል፣ ሌላው በጓሮ። የክፍሉ ኃላፊ ገና ልጅ እግር ናት። ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ስትመልስ የማትቸኩል ሴት። ሁለት በር ለምን እንዳስፈለገ ስንጠይቃት «የገባ ሰው በየት እንደሚወጣ ራሱ እንዲመርጥ ነው» አለችን።

የጻፍኩትን ልገልብጥ። መጀመሪያ አዳምጡ። «ለምን ሄድሽ?»፣ «ለምን አልጮኽሽም?» አይባልም። የተናገረችውን በራሷ ቃል ያዙት፤ አታሳምሩት። የማትችሉትን ነገር ቃል አትግቡ። ምን ምን ማድረግ እንደምትችል ንገሯት፤ የምትመርጠው ግን እሷ ናት። ሳትፈቅድ ለማንም፣ ለእኔም ቢሆን፣ ስሟን አትንገሩ። ወንድ ልጅም ሊመጣ ይችላል፤ ያው ነው።

የስፖርት ክፍሉ ተጠሪ እጁን አወጣና «እንግዲህ ዛሬ ዛሬ ሴት ልጅን ሰላም ማለትም ሊያስከስስ ነው?» አለ። ሰው ሳቀ። ኃላፊዋ አልተቆጣችም። «ሰላም ብለሃት ሰላም ካለችህ ምን ችግር አለ? አንተ ውጤቷን የምትሞላ ሰው ሆነህ፣ እሷ እምቢ ማለት የምትፈራ ከሆነ ግን ነገሩ ሰላምታ መሆኑ ያበቃል» አለችው። እጁን አወረደ።

አንዷ ደግሞ «እኛ ጋ እኮ ማንም መጥቶ አያውቅም» አለች።

«ብዙዎቹ ሲመጡ ጉዳዩን አያነሱም» አለች ኃላፊዋ። «ሌላ ነገር ነው የሚጠይቁት። ቀጠሮዬ ይቀየርልኝ ይላሉ። እስክወጣ ትጠብቂኛለሽ ወይ ይላሉ።»

ይህቺን እዚያው አልጻፍኳትም። እስክሪብቶዬ አልጽፍ አለኝ። አሁን ጻፍኳት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ቸኩያለሁ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚገባበት የመጨረሻ ቀን ነው። መተላለፊያው በአፈር ከረጢት ተሞልቶ መራመጃ የለም። ባለ መነጽሯ መጣች፤ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ናት፣ ዶክተሩ ናቸው የሚያማክሯት። «እትዬ፣ የማክሰኞው ቀጠሮዬ ጠዋት ቢሆንልኝ?» አለችኝ። «ዶክተሩ ጠዋት አይመቻቸውም» አልኳት። «እሺ» ብላ ሄደች።

ሳልጠይቃቸው ነው የመለስኩላት። ጠዋቱ ክፍት ነበር።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ምሳ ሰዓት ላይ የቀጠሮ መዝገቡን ገለበጥኩ። ወንዶቹ ልጆች በሦስት፣ በአራት፣ በስምንት ሰዓት ነው የተያዘላቸው። ከሴቶቹ ብዙዎቹ፣ ሁሉም አይደሉም፣ አሥራ አንድ ተኩል ላይ። እኔ ከሥራ የምወጣውም አሥራ አንድ ተኩል ነው። ሁሉም የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። «ሰፊ ጊዜ የሚፈልጉትን መጨረሻ ላይ አድርጊልኝ» ብለውኝ ነበር ድሮ።

አጋጣሚ ይሆናል። የታዘዝኩትን ነው የምጽፈው።

ጽዳት የምትሠራው ወዳጃችን፣ ሁሉም «ሬዲዮ» የሚላት፣ መወልወያዋን ተደግፋ «ምነው ፊትሽ? መንፈስ ያየሽ ትመስያለሽ» አለችኝ። «ዓይኔ ነው፣ መነጽር ሳያስፈልገኝ አይቀርም» አልኳት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን አልወጣሁም። ካቢኔቱን ከፍቼ ፋይል አስተካክል ጀመር፤ የተስተካከለውን ፋይል። ባለ መነጽሯ መጣች። እኔን ስታይ ትከሻዋ ወረድ አለ፤ በረጅሙ እንደተነፈሰ ሰው። ገባች። በሩ ተዘጋ።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዶክተሩ በሩን ከፍተው ብቅ አሉ። «እናታችን! አልሄድሽም እንዴ?»

«ፋይል ቀርቶኝ ነው፣ ዶክተር።»

«ነገ ይደርሳል። ባለቤትሽ ይጠብቅሻል፤ ሂጂ በይ።»

«ዛሬ አምሽቶ ነው የሚገባው» አልኩ። ባለቤቴ ሱቁ ከቤታችን ጋር የተያያዘ ስለሆነ አምሽቶ የሚገባበት ቦታ የለውም። በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ለእሳቸው የዋሸሁት የመጀመሪያው ውሸት መሆኑ ነው።

በሩን ገርበብ አድርገው ተመለሱ። ብዙም ሳትቆይ ልጅቷ ወጣች። «ደህና ያምሹ እትዬ» አለችኝና ደረጃውን በሩጫ ወረደች። ምንም አልጠየቅኳትም።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ባለቤቴ እህቱን ሊጠይቅ ሄዷል። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ልብስ አጠብኩ፣ አሰጣሁ፣ የማይታጠበውንም አጠብኩ። አሁን ተቀመጥኩ።

ስለ ግራኟ መጻፍ አልፈለግሁም ነበር።

የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። በግራ እጇ ስለምትጽፍ ነው ግራኟ ያልናት፤ ራሷም ትስቅ ነበር። በክፍሏ አንደኛ ነበረች። አንድ ቀን መውጫዬ ላይ፣ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ መብራቱን ላጠፋ ስል መጣች። ቀጠሮ ነበራት። በሩን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «እትዬ፣ እስክወጣ ትንሽ ይቆዩልኝ?» አለች።

እኔም «ልጄ፣ እኔ የምወጣበት ሰዓት ደርሷል፤ አይዞሽ፣ ዶክተሩ ጥሩ ሰው ናቸው» አልኳት።

ቃል በቃል ይኸው ነው። አሁንም ድምፄ ይሰማኛል፤ ለስለስ ያለ፣ የደግ ሰው ድምፅ። ከዚያ በኋላ ግራኟ ሌላ ሰው ሆነች። ክፍል ትቀራለች፤ መተላለፊያው ላይ ስታየኝ ዞር ትላለች። ተመረቀች፣ በዝቅተኛ ውጤት። የምስክር ወረቀቷን ልትወስድ የመጣች ዕለት ፈርሚ ብዬ መዝገቡን ሳቀርብላት ቀና ብላ አላየችኝም። እኔም ጥጋብ ነው ብዬ ለሬዲዮ ነገርኳት። ጥጋብ!

ምን እንደደረሰባት አላውቅም፤ አልነገረችኝም። ይህን ዓረፍተ ነገር ለራሴ ስንት ጊዜ እንዳልኩት እግዜር ይወቅ።

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ባለ መነጽሯ ሁለት ሳምንት ሆናት አልታየችም። ናሙናዎቿ መደርደሪያው ላይ አቧራ ለብሰዋል። ሬዲዮ ዜና ይዛ መጣች፦ «ልጅቷ ትምህርቷን ልትተው ነው አሉ። የፍቅር ጣጣ ነው ይላሉ።»

«ማነው የሚለው?»

«ሰው ነዋ።»

«እስቲ ይሄን ወሬ እዚህ አቁሚው» አልኳት። ከወትሮው ጠንከር ብዬ ነው መሰል፣ ባልዲዋን አንስታ ሄደች። ማታ ለባለቤቴ ስነግረው «ስንት ዓመት ስጠግን ያቺን ሬዲዮ ብቻ ማጥፊያዋን አጣሁት» አለ። ሳቅሁ፤ ግን አልቆየም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ዛሬ መጣች። ምሳ ሰዓት ነበር፤ ዶክተሩ ስብሰባ ላይ ናቸው። የማቋረጫ ቅጽ ይስጡኝ አለች። አውጥቼ ሰጠኋት። ቆማ መሙላት ጀመረች። «የማቋረጫ ምክንያት» የሚለው ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ።

ምን እንደምል አስቤ አልነበረም። «ልጄ፣ ያ መስመር ባዶ ቢሆንም ቅጹ ይሠራል» አልኳት። «ግን መናገር ከፈለግሽ አለሁ። ካልፈለግሽም አለሁ።»

ተቀመጠች። በሩን ልዝጋው ወይስ ይከፈት ብዬ ጠየቅኳት። «ይከፈት፣ ግን ሰው እንዳይመጣ» አለች። ወንበሬን በሩ አጠገብ አደረግሁና መተላለፊያውን እያየሁ አዳመጥኳት።

የነገረችኝን እዚህ አልጽፈውም። የእሷ ነው። እኔ ከወጣሁ በኋላ በሩ ከውስጥ ይቆለፍ እንደነበር ብቻ እጽፋለሁ። «ምርቃትሽ አንድ ዓመት ቢገፋ ማን ይጎዳል?» እንዳላትም። «ማንስ ያምንሻል? ጸሐፊዋ እንኳ ቀጠሮሽን በእጇ ጽፋዋለች» እንዳላትም እጽፋለሁ፤ ይህኛው የእኔም ስለሆነ።

«አምንሻለሁ» አልኳት። አለቀሰች፤ እኔ አላለቀስኩም፤ ተራው የእኔ አልነበረም።

ቅጹን ሳትሞላው አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ባለቤቴ እራት ላይ «ምን ሆነሻል?» አለኝ። «ስለ ሥራ ነው፤ መናገር አልችልም» አልኩት። «እሱን ግን ሁለተኛ ዓይኑን ማየት አልፈልግም።»

«አሥራ ሰባት ዓመት ‹እሳቸው› ስትዪ ኖረሽ» አለ ባለቤቴ ቀስ ብሎ፣ «ዛሬ ‹እሱ› አልሽ።» ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ጠዋት ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ ወደ አዲሱ ክፍል ሮጥኩ። ለኃላፊዋ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስሟን፣ ዓመቷን፣ ሁሉንም። ኃላፊዋ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«እንድትነግሪኝ ፈቅዳልሻለች?»

እንዲህ እኩያዋ አድርጋ «አንቺ» ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። ተደናግጣ ይመስለኛል፤ ወዲያው ወደ «እርስዎ» ተመለሰች።

«አልጠየቅኳትም» አልኩ። «ፈጥኜ ልርዳት ብዬ ነው።»

«ይገባኛል። እርስዎ ክፉ አላሰቡም። ግን አንዴ ያለፈቃዷ ተወስኖባታል። አሁን ደግሞ እኛ እንዳንደግመው» አለችኝ። «ሄደው ይንገሯት። እኔ እሷ እስክትመጣ ድረስ ምንም አላደርግም።»

በጻፍኩት ማስታወሻ ላይ ሁለት ጊዜ አስምሬበት የነበረው ደንብ ነው። አንድ ቀን አልቆየሁበትም።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ነገርኳት። ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት ደረጃው ላይ። ፊቷ ተለወጠ።

«እርስዎም ሳይጠይቁኝ?» አለችኝ።

ይኸው ነው። ሦስት ቃል አይሞላም። ተነስታ ሄደች። ይቅርታ ያልኩት ለጀርባዋ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ምንም የለም። እሱ እንደ ወትሮው ይገባል፣ ይወጣል፣ «እናታችን» ይለኛል። ማኅተም እመታለሁ፣ ደብዳቤ እጽፋለሁ። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ቀጠሮ ያዢ ያለኝን ሁለት ተማሪዎች ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ጻፍኳቸው። «ተሳስተሻል» አለኝ። «አልተሳሳትኩም፣ ጠዋት ነው የሚመቻቸው» አልኩት። ልጆቹን ግን በእውነት ጠይቄያቸዋለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ባለ መነጽሯ መጣች። ሳትቀመጥ «እዚያ ክፍል አብረውኝ ይሄዳሉ?» አለች። «ውስጥ ልግባ ወይስ ውጭ ልጠብቅ?» አልኳት። ፈገግ አለች፤ በብዙ ሳምንት የመጀመሪያዋ። «አሁንስ ጠያቂ ሆኑ። ውጭ ይጠብቁኝ።»

ሁለት ሰዓት ያህል መተላለፊያው ላይ ተቀመጥኩ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያለውን ሁሉ አነበብኩ፤ የጠፋ ጃንጥላ፣ የሚከራይ ክፍል፣ የመዘምራን ልምምድ። ስትወጣ ዓይኗ አብጧል፤ አረማመዷ ግን ሌላ ነው። የነገረችኝ ይህን ያህል ነው፦ ክስ ሳታቀርብም አማካሪ መቀየር ትችላለች፤ የሚያነጋግራት የሥነ ልቦና ባለሙያ አለ፤ ሐኪምም፤ ከፈለገች ክስ፣ ለዩኒቨርሲቲው ወይም ለፖሊስ። ካልፈለገች ምንም። «ዛሬ አማካሪዬን ብቻ ቀየርኩ» አለች። «ለሌላው ላስብበት።»

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

አስባበት ክስ አቅርባለች። ጉዳዩ እስኪጣራ እሱ ከማስተማርም ከማማከርም ታግዷል። ዕቃውን ሊወስድ ሲመጣ ከጥበቃ ኃላፊው ጋር ነበር። ጥበቃው ከበሩ ውጭ ቀረ።

እሱ ረጋ ብሎ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር። «አሥራ ሰባት ዓመት አንድም ቀን ክፉ ቃል ተናግሬሽ አላውቅም» አለ። እውነቱን ነው። እናቴ ስታርፍ ከመቃብር ድረስ የሸኘኝ፣ ባለቤቴ ሲታመም ፈቃድ ጠይቂ ሳይለኝ ሂጂ ያለኝ እሱ ነው። ይህም እውነት ነው፤ ሁለቱ እውነቶች አንድ ሰው ውስጥ እንዴት እንደሚኖሩ አልገባኝም።

«እነዚያ የቆዩ የቀጠሮ መዝገቦች» አለ ካቢኔቱን እያየ። «ጊዜ ያለፈባቸው ወረቀቶች ናቸው። የሚወገዱ አይደሉም እንዴ?»

«አዎ፣ ዶክተር» አልኩ።

ከአፌ የወጣው ይኸው ነው። ልማድ። እሱ ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ከዚያ ተነሳሁ። የሰባት ዓመት መዝገብ አወጣሁ። በክንዴ ታቅፌ ደረጃውን ወርጄ ለአጣሪ ኮሚቴው ጸሐፊ አስረከብኩ፤ በቁጥር፣ በፊርማ። «ጠይቀንዎት ነበር እንዴ?» አለኝ። «አልጠየቃችሁኝም» አልኩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ኃላፊዋን አስቀድሜ አማከርኳት። «ይቅርታ መጠየቅ መብትዎ ነው፤ መቀበል ግን የእሷ ግዴታ አይደለም» አለችኝ። «ስለተጀመረው ጉዳይ አንዲት ቃል እንዳይናገሩ። ምስክር ሁኚም እንዳይሏት።»

ግራኟ ከተማው ዳር ያለ የአፈር መመርመሪያ ውስጥ ትሠራለች። ነጭ ካፖርት ለብሳ በግራ እጇ ብልቃጥ ላይ ቁጥር ትጽፋለች። ስታየኝ እስክሪብቶውን ከደነችው። ማንነቴን ለመናገር አፌን ስከፍት «አውቄዎታለሁ» አለች።

የመጣሁበትን ነገርኳት። ያን ቀን እስክወጣ ይቆዩልኝ ብላኝ ጥያት እንደሄድኩ። ያልኳትን ቃል በቃል ደገምኩላት። አላቋረጠችኝም።

«አጥፍቻለሁ» አልኳት። «ይቅርታሽን ልጠይቅ እንጂ ምንም ፈልጌ አልመጣሁም።»

ለረጅም ጊዜ ብልቃጦቹን አስተካከለች። «ስንት ዓመት ያሰብኩት እሱን አይደለም፤ ይገርምዎታል?» አለች። «እሱን ፈርቼው ነበር፤ አውቀው ነበር። እርስዎን ግን አምኜ ነበር የጠየቅኩት። ከዚያ በኋላ ሰው መጠየቅ ተውኩ።»



«ይቅርታዎን ሰምቻለሁ» አለች። «ተቀብያለሁ ብዬ ልዋሽዎት አልችልም። ግን ሰምቻለሁ።»

በሩ ድረስ ሸኘችኝ። እዚያ ስንደርስ «ዛሬ ምን አስታወሰዎት? ሌላ ልጅ አለች ማለት ነው?» አለችኝ።

«መናገር አልችልም።»

«ገባኝ» አለች። «የሚኬድበት ቦታ አለ?» ስትለኝ የክፍሉን ስልክ ጻፍኩላት። ያ ምስጢር አይደለም፤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያለ ነው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 1

ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። ሦስት ናቸው፤ የሕግ መምህሩ፣ አንዲት መሐንዲስ፣ ሽማግሌው የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ። ውኃ ሰጡኝ። መዝገቡን ገጽ በገጽ እያሳዩ ይህ የማን ጽሑፍ ነው አሉኝ። የእኔ። ሰዓቱን ማን መረጠ? እሱ። ለምን እንደሆነ ጠይቀው ያውቃሉ? አላውቅም።

«በቢሮው ውስጥ አንድ የሚያሳስብ ነገር እንዳለ ያውቁ ነበር?» አለችኝ መሐንዲሷ።

«አላውቅም ነበር» አልኩ።

ጸሐፊው ጻፈው። ቃሌን ሲያነብልኝ፣ ልፈርም እስክሪብቶውን ይዤ፣ ያ ዓረፍተ ነገር ጋ ሲደርስ «ይቁም» አልኩ።

«ስሕተት አለበት?»

«አለበት። ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። የሆነ ነገር እንዳለ ግን አውቅ ነበር። የዛሬ ስድስት ዓመት አንዲት ልጅ እንድቆይላት ለምናኝ ጥያት ሄጃለሁ። ስሟን ያለፈቃዷ አልናገርም። እንዳልጠይቅ ስለፈለግሁ ነው ያልጠየቅሁት። እንዲህ ብለው ይጻፉት።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «እንዲህ ካሉ በእርስዎም ላይ ነገር ሊያመጣ እንደሚችል ይገነዘባሉ?» አሉኝ። አዎ አልኩ። ጻፈው፣ ፈረምኩ።

ስወጣ የሻይ ሰዓት ነበር። ቤቴ ድረስ በእግሬ ሄድኩ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ትምህርት ክፍሉ ቀዝቅዟል። አንዱ መምህር ደብዳቤ ሊያስመታ ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ ወርውሮልኝ «ስንት ዘመን የተሠራ ስም በአንድ ቀን አፈረሳችሁት» አለ። «ምን ይጻፍ?» አልኩት ብቻ። ሌላው ደግሞ ሰላምታውን ተወ።

ሬዲዮ ግን ባለፈው ሐሙስ ሁሉም ከወጣ በኋላ መጣች። መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና «እኔም አይቻለሁ» አለች። «ጠዋት ጠዋት እዚያ ቢሮ ስጠርግ የወደቀ የጸጉር ማሲያዣ አገኝ ነበር። ስለ ሰው ሁሉ አውርቼ ስለዚህ ብቻ ዝም አልኩ። ደሞዜን ፈራሁ።» መናገር የምትፈልግ ከሆነ የት እንደሚኬድ ነገርኳት። ተጠንቅቄ ነው የነገርኳት፤ ትሂድ አትሂድ አላልኩም። በማግሥቱ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ደህናውን ጫማ አድርጋ ስትወርድ አየሁ።

ኃላፊዋ «ሌሎችም ሰዎች መጥተዋል» አለችኝ። እነማን ብዬ አልጠየቅሁም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 22

ውሳኔው ተነበበ። እሱ ከሥራ ተሰናብቷል። ባለ መነጽሯ ያለፈባት ጊዜ ሳይቆጠርባት በአዲሷ አማካሪዋ ሥር ትጨርሳለች። ከሥራ ሰዓት ውጭ ቀጠሮ ተከልክሏል፤ እያንዳንዱ ተማሪ ሁለት አማካሪ ይኑረው ተብሏል። አናጢው ከትናንት ጀምሮ በየቢሮው በር ላይ መስታወት እየገጠመ ነው። ለእያንዳንዱ በር «እሰይ፣ ብርሃን ገባ» ይላል፤ ለምን እንደሚገጥም አልነገሩትም።

ለእኔም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። «ኃላፊነትን በወቅቱ ባለመወጣት» ይላል። ተጠሪነቱም ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፤ ለወጣቷ የቤተ ሙከራ ሠራተኛ። የጻፍኩትን ማስታወሻ ገልብጬ ሰጠኋት።

የትምህርት ክፍሉን ሠራተኞች ፋይል የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ማስጠንቀቂያውን የራሴ ፋይል ውስጥ ያስገባሁት ራሴ ነኝ። በወረቀት መብሻ በሳሁት፣ ቁጥር ሰጠሁት፣ በቦታው አኖርኩት።

ባለቤቴ «ሌላው ዝም ብሎ ሲኖር እውነት የተናገርሽው አንቺ ተቀጣሽ፤ አልከፋሽም?» አለኝ።

«ከፍቶኛል» አልኩት። «ግን ስሕተት የለበትም።»

ሐሙስ፣ ጥር 14

ባለ መነጽሯ ዛሬ የመመረቂያ ጽሑፏን አቀረበች። ናሙናዎቿን ደርድራ፣ ሰንጠረዡን ግድግዳው ላይ እያሳየች። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ሲያፋጥጣት ቆም አለችና «ይህን አላውቅም፤ እስከዚህ ድረስ ግን እርግጠኛ ነኝ» አለች። ከኋላ ወንበር ሆኜ አየኋት። አልፋለች፤ በጥሩ ውጤት።

እናቷ ከሩቅ አገር በአውቶቡስ አድረው መጥተዋል። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ደረጃውን እየደገፍኩ ነው ያወጣኋቸው። ምንም አያውቁም። ልጅቷ የነገረቻቸው አማካሪዋ መቀየሩን ብቻ ነው።

ሁሉም እንኳን ደስ አለሽ ሲላት እናትየው ወደ እኔ መጡና ሁለት እጄን ያዙ።

«በስልክ ስታወራልኝ የእርስዎን ነገር ነው የምታነሳው» አሉኝ። «ሆድ ሲብሳት አጠገቧ ሰው ነበራት። እኔ በሌለሁበት ልጄን ጠበቁልኝ። ምን ብዬ ላመስግንዎ?»

እውነቱ አፌ ላይ ደረሰ። አልጠበቅኳትም፤ በዚያ በር ያስገባኋት እኔ ነኝ፤ ሰዓቱን የጻፍኩት በዚህ በያዙት እጅ ነው ልላቸው ነበር። ብናገረው እንዴት ይቀለኝ ነበር!

ባለ መነጽሯ በእናቷ ትከሻ ላይ አሻግራ አየችኝ። ራሷን በትንሹ፣ ሌላ ሰው በማያየው ልክ ነቀነቀች። አይሆንም።

ነገሩ የእሷ ነው። ለእናቷ መቼ እንደምትነግራቸው፣ ወይም ጨርሶ እንደማትነግራቸው፣ የምታውቀው እሷ ናት።

«ጎበዝ ልጅ አለችዎት» አልኳቸው።

እናትየው አቀፉኝ። የማይገባኝን ምስጋና ተሸክሜ፣ እስኪለቁኝ ድረስ ቆምኩ።